ገመዱን በክንድህ አትጠቅልለው

ገመዱን እንደዚያ ክርንህ ላይ እየጠመጠምክ አትጠቅልለው፣ ማሙሽ። ውስጡ ያለው ቀጭን ሽቦ ይጣመምና ልክ ዘፋኟ አፏን ስትከፍት ይበጠስብሃል። ሰፋ አድርገህ፣ አንዱን ዙር በላይ፣ ቀጣዩን በታች። አዎ፣ እንደሱ። ቅዳሜ ሰፈር የሰርግ ድንኳን ውስጥ ልትጫወቱ ነው አሉ። እጅህ ከሥራው አይለይ፣ እኔ ከጀርባህ ቆሜ ሁለት ሦስት ነገር ልበልህ። «እትዬ ደግሞ ጀመራት» በለኝ፣ ግድ የለም። 8 ዓመት ባንድ ውስጥ ዘፍኜ ያተረፍኩት ይኼንኑ ነው።

ቅድም በስልክ «ለጓደኛ ነው፣ በነጻ ነው» ስትል ሰማሁህ። በነጻ መጫወት ደስ ይላል፤ እኛም ተጫውተናል። ነጻ ሲሆን ግን ጭራሽ የማይወራ ነገር ይበዛል። ከማታውቀው ሰው ቀብድ ትቀበላለህ፣ ሰዓት ትቆርጣለህ፣ ያበቃል። ወዳጅህን ግን የሲስተሙን ኪራይ ማን ይከፍላል፣ ዕቃውን የሚጭነው መኪና የማን ነው፣ ስንት ሰዓት እንጨርሳለን ብሎ መጠየቅ ያሳፍራል። አፍረህ ዝም ትላለህ። ከዚያ ሌሊት 7 ሰዓት ላይ «አንዲት ብቻ ድገሙልን» ይልሃል፣ ጣትህ አብጦ፣ የመኪናው ሹፌር በር ላይ ጥሩምባውን እየነፋ። ዛሬውኑ ደውለህ ጠይቀው። ጓደኛህ ከሆነ አይቀየምም፤ ከተቀየመም ቅዳሜ ሳይደርስ ማወቁ ይሻላል።

ከሁሉ የሚከፋው ግንባር ላይ የሚለጠፈው ብር ነው። ዘፋኝ ፊት ለፊት ስለሚቆም ለሱ ይለጠፍለታል፤ ድራመር ከኋላ ተቀምጦ ላብ በላብ ሲሆን ማንም እሱ ድረስ አይሄድም። ብሩ የዘፋኙ ነው ወይስ የባንዱ? ሰው ሁሉ የኛ ባንድ በሙዚቃ አለመግባባት የፈረሰ ይመስለዋል። አይደለም። አንድ ክርስትና ላይ ብሩ የተለጠፈው እኔ ግንባር ላይ ነበር። ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔም አልተናገርኩም። በሚቀጥለው ልምምድ ድራመራችን ቀረ፣ ከዚያ ቤዝ ጊታሩ። ስለዚህ አንድ ባርኔጣ ያዙ፤ የተለጠፈው ሁሉ እዚያ ይግባ፤ መኪናው ሳይነሳ ሁላችሁም እያያችሁ ይቆጠር።

ጓደኛ ሲያጨብጭብ ደግሞ አትመነው። በደርግ ጊዜ፣ በሰዓት እላፊው ዘመን፣ ማታ ወደ ጭፈራ ቤት የገባ ሰው እስኪነጋ መውጣት ስለማይችል ባንዶቹም እስኪነጋ ይጫወቱ ነበር ይላሉ ትልልቆቹ። ዋሊያስ ባንድ በሂልተን የሠራው ያኔ ነው። የእናንተ ታዳሚ በሩ ክፍት ነው፤ ግን እሱም አይወጣም፣ በሰዓት እላፊ ሳይሆን በይሉኝታ ታስሮ ይቀመጣል። እዘኑለት እባካችሁ። 45 ደቂቃ ተጫውታችሁ ውረዱ፤ «ገና ነበር» ሲሉ መስማት ጥሩ ነው።

እውነቱን ማወቅ ከፈለግክ ድንኳኑ ውስጥ ማናችሁንም የማያውቅ ሰው ፈልግ። ወጥ ለማቅረብ የመጣች ሴት፣ የበሩ ዘበኛ። ትከሻቸውን እይ። እጅ በይሉኝታ ያጨበጭባል፤ ትከሻ ግን ካልተነካ አይነሳም። ትሪ ተሸክማ ትከሻዋ ከነቃ ዜማው ሠርቷል። ካልነቃ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የፍጥነት ነው፤ ሰው ሲያይ ድራመር ይቸኩላል፣ ቺክቺካው ሲቸኩል ደግሞ እስክስታ የሚወርድበት ቦታ ያጣል።

አንተን በግል የምወቅስህ አንድ ነገር አለኝ። ኪቦርድህ ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ከሻንጣው አይወጣም። የዋሊያሱ ኃይሉ መርጊያ ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ ሄዶ ከተበተነ በኋላ እዚያው ቀርቶ ዋሽንግተን ታክሲ ነዳ። ኪቦርዱን የመኪናው ዕቃ መጫኛ ውስጥ ይዞ ይዞር ነበር፤ አየር ማረፊያ ተሳፋሪ እስኪደርሰው ድረስ ያወጣና ይለማመድ ነበር። አንተ ሳሎን ውስጥ ሶፋ ላይ ተጋድመህ ነው «ጊዜ የለኝም» የምትለኝ። ጥር አልፎ ሁዳዴ ሲገባ 55 ቀን ሰርግ የለም፤ ያን ጊዜ እንኳ ተጠቀሙበት።

ሌላው የመብራት ነገር ነው። የሲስተሙን ማከፋፈያ ከጓዳው መስመር ጋር አታጋሩ። አንዴ እኛ ሞቅ ባልንበት ሰዓት ከጓዳ እንጀራ አነሰ ተባለና ምጣድ ተሰካ። ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ የሚስብ ነገር ነው፤ ብሬከሩ ወረደ፣ ማይኩም ኪቦርዱም ጭጭ። መሰንቆ የያዘው ልጅ ግን ምን ገዶት፣ የፈረስ ጭራ መብራት አይጠይቅም። ቀጠለ። አንዲት እናት ከበሮ ከጎረቤት አስመጡ፣ እኔ ያለ ማይክ ዘፈንኩ፣ ሰው በጨለማ ተቀበለን። ከ8ቱ ዓመት የማስታውሰው ምሽት ያ ነው፣ እውነቱን ለመናገር። ቢሆንም ምጣዱን ጠይቅ።

በል፣ ማይኮቹን በጨርቅ ጠቅልላቸው፤ እንዲሁ አትወርውራቸው።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ያ ድራመራችን ቅዳሜ ይመጣል ብለውኛል፤ ሙሽራው የአክስቱ ልጅ ነው። እኔ ልምጣ አልምጣ ገና አልወሰንኩም። አንተ ግን ታውቀዋለህ፣ ሁሌም ከኋላ ነው የሚቀመጠው። ስትጫወቱ ትከሻውን እይልኝ።