ስሙ ሳይጠፋ ብዛቱ ሲያልቅ

ቦታው ገረሴ ነው፤ ከጫሞ ሐይቅ በስተምዕራብ፣ የጋሞ ደጋ። ጠያቂው ወጣት የባዮሎጂ መምህር፣ መላሹ የአገር ሽማግሌ ናቸው። ዓመቶቹ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ወጣቱ፦ ጋሼ፣ ደብልዩ ደብልዩ ኤፍ የተባለው የተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅት በ2024 ባወጣው ሪፖርት የዱር እንስሳት ብዛት ከ1970 እስከ 2020 በአማካይ 73 በመቶ ወርዷል ይላል። እዚህ ገብስ የሚያበላሸው ዝንጀሮ ግን ሲቀንስ አላየንም። ቁጥሩ ይታመናል?

አዛውንቱ፦ ምን ለማለት እንደሆነ ካወቅህ ይታመናል፤ ካላወቅህ ያሳስትሃል። ከመቶ እንስሳ 73ቱ ሞተ ማለት አይደለም። የታዩት የጀርባ አጥንት ያላቸው 5,495 ዝርያዎች፣ ወደ 35,000 የሚጠጉ መንጋዎች ሲሆኑ የተወሰደው የየመንጋው ለውጥ አማካይ ነው። ሺህ ራስ ያለው መንጋ ሳይነካ ቢኖር፣ አሥር የነበረው ግን አንድ ቢቀረው፣ አማካዩ ክፉኛ ያሽቆለቁላል፤ ከጠቅላላው የጎደለው ግን ዘጠኝ ብቻ ነው። አንዳንዶች ይህን ይዘው ሪፖርቱ ያጋንናል ይላሉ። እኔ ግን ዓይኔን ከዚያች ትንሽ መንጋ ላይ አላነሳም። ዝርያ ባንድ ቀን አይጠፋም፤ ዛሬ ከዚህ ሜዳ፣ ነገ ከዚያ ሸለቆ ያልቃል፣ ስሙ ግን በመጽሐፍ ላይ እንዳለ ይቆያል። ዝንጀሮውም ቢሆን የዚሁ ጉድለት ምስክር ነው። በጋና ፓርኮች አንበሳና ነብር ሲመናመኑ ዝንጀሮ እንደበዛና በአካባቢው እርሻ ላይ እንደዘመተ ተጠንቷል። ብዛቱ ያስመረረህ እንስሳ፣ ያላየኸው ሌላ እንስሳ መጉደሉን እየነገረህ ሊሆን ይችላል።

ወጣቱ፦ ለዚያች ትንሽ መንጋ ከአካባቢያችን ምሳሌ አለ?

አዛውንቱ፦ ነጭ ሳር አለልህ። በዓባያና በጫሞ መካከል ያለው ይህ ፓርክ በ1974 ሲቋቋም ትልቁ ሐሳብ የስዌይን ቆርኬን ማትረፍ ነበር። ዛሬ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የሌለ እንስሳ ነው። ሰንቀሌ ከተባለ ሌላ ሜዳ ተይዞ በመንጋ መጣ፤ በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ ግን እዚህ ከመጥፋት አፋፍ ደረሰ። አዳኝ አልነካውም አልልም፤ ዋናው ነገር ግን ከሳሩ ላይ ነው። ቆርኬ ገላጣ ሜዳ ይፈልጋል፤ ረጅም ጠባብ ፊቱን ከሳሩ ብድግ ሲያደርግ ጠላቱን ከሩቅ ማየት አለበት፤ ጥጃውን ደግሞ የሚደብቅለት ቁመት ያለው ሳር ያሻዋል። ከብት በበዛ ጊዜ ሳሩ ከሥሩ ይጋጣል። የተጋጠ ሜዳ እሳት አይነድበትም፤ እሳት ያልጎበኘው ሜዳ ላይ ግራሩና እሾሃማው ቁጥቋጦ ይነሣል። ያኔ ጥጃው መደበቂያ ያጣል፤ እናቲቱም ማየት ይሳናታል፤ ጅብና ቀበሮ ይፈነጫሉ። በጋ ሲሆን እየነጣ ለፓርኩ ስሙን የሰጠው ሳር ራሱ እያፈገፈገ ነው።

በዚያው ሜዳ በ1990 ተመራማሪዎች መንገድ ላይ መኪና የዳመጣት የሌሊት በራሪ ወፍ አገኙ። ከእሷ ሊተርፍ የቻለው አንድ ክንፍ ብቻ ነበር። ከታወቁት ወፎች ከአንዱም ጋር ስላልገጠመ በ1995 አዲስ ዝርያ ተብሎ ተመዘገበ፤ በሳይንሳዊ ስሟ ውስጥ ያለው «ሶላላ» ብቸኛ ክንፍ ማለት ነው። እስቲ አስበው፦ ምን ያህል እንደነበረች ያላወቅናት ወፍ ብትጎድል፣ መጉደሏን በምን እናውቃለን?

ወጣቱ፦ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ቆርኬ ቢጠፋ የገረሴ ገበሬ ምን ይቀርበታል? እንሰቱ አይደርቅበት።

አዛውንቱ፦ ስለ ቆርኬ ብቻ ከሆነ፣ ከዕለት ጉርሱ ምንም እንደማይጎድል እቀበላለሁ። ነገር ግን የትኛው እንስሳ የማን ጉርስ እንደያዘ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። ሕንድ ውስጥ ጥንብ አንሳን ከቁም ነገር የቆጠረው ጥቂት ነበር፤ በጣም ብዙ ነበርና። ከ1990ዎቹ ጀምሮ ለከብት ሕመም የሚሰጥ ዳይክሎፌናክ የተባለ መድኃኒት በበድኑ በኩል ወደ ወፎቹ እየገባ ኩላሊታቸውን አጠፋው፤ ዋናዎቹ ዝርያዎች ከ95 በመቶ በላይ አለቁ። የሞተው ከብት ሜዳ ላይ ሲከረፋ የባለቤት አልባ ውሾች ቁጥር አሻቀበ፤ የእብድ ውሻ በሽታም ሰው ላይ በረታ። መንግሥት መድኃኒቱን ለከብት እንዳይሰጥ የከለከለው በ2006፣ ወፎቹ ካለቁ በኋላ ነው። እኛ ከብት አርቢዎች ነን፤ ይህ ታሪክ ሩቅ አይደለም።

ወጣቱ፦ እሺ፤ ድሃውስ? በፓርኩ ሜዳ የሚያሰማራው የጉጂ አርብቶ አደር ከብቱን የት ይውሰድ? እንጨት ተሸክማ የምታድረውስ ሴት ምን ትሁን?

አዛውንቱ፦ ከሁሉም የከበደው ጥያቄ ይህ ነው፤ ማንም በቀላሉ እንዲያልፈው አልወድም። ሰው ይነሣ የሚለው መንገድ ተሞክሯል። በ2000ዎቹ አጋማሽ አፍሪካን ፓርክስ የተባለው ድርጅት ፓርኩን ለማስተዳደር ተረከበ፤ በፓርኩ ውስጥ ይኖሩ የነበሩ የኮሬ ሰዎች ተነሥተው ሌላ ቦታ ሰፈሩ፤ የጉጂ አርብቶ አደሮች ጉዳይ ሳይፈታ ድርጅቱ በ2008 ለቆ ወጣ። ሰው ተጎዳ፣ ቆርኬውም አልዳነ። ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያው ሁሉም እንዳሻው ይሰማራ» የሚል ካለ ግን ቁጥቋጦውን ያሳየን። እሾሁ የዋጠው ሜዳ ለጉጂው ላምም አይሆንም። የቆርኬውና የላሟ ጥቅም ሳሩ ላይ ይገናኛል፤ ክርክሩ መጀመር ያለበት ከዚያ ነው። እንጨት ተሸካሚዋን ከጫካው መከልከልም ሌላ ማገዶ ሳይሰጡ የሚደረግ ከሆነ ረሃቧን ማባባስ ነው።

ወጣቱ፦ አባቶቻችን የተከበሩትን ደኖች በጎሜ፣ ክልክሉን የጣሰ ይቀሰፋል በሚል እምነት፣ ጠበቁ። ዛሬ ወጣቱ ጎሜ አይፈራም፤ እኔም አልፈራም።

አዛውንቱ፦ ፍርሃቱን መልሱ አልልህም፤ እምነት በትእዛዝ አይመለስም። የደኑ ሥራ ግን ፍርሃቱ ሲቀር አብሮ አይቀርም። ዝግባውና ኮሶው ቆሞ ሳለ ዝናቡ ወደ መሬት ይሰርጋል፤ ሲቆረጥ አፈሩ ይሸሻል። የኩልፎና የሲሌ ወንዞች ከነዚህ ተራሮች ያንን አፈር ተሸክመው ይወርዳሉ፤ የዓሣውን ውሃ የሚያደፈርሰው የእኛው ማሳ ነው። ባሕር ዛፍ ተክለን ተካነው የሚለውንም አልቀበልም፤ ለምሰሶ ይሆናል እንጂ የጉሬዛ ቤት አይሆንም። የተከበሩት ደኖች ትንንሽ ናቸው፤ ቆርኬን ሊያስጠልሉ አይችሉም። ግን በጉባኤ ሜዳው በዱቡሻ ላይ ተቀምጦ ተከራክሮ ተስማምቶ «ከዚህ አይለፍ» ማለት ይቻል እንደነበር ያሳያሉ፤ ስምምነቱም ከእኛ የወጣ ስለነበር ጠባቂ ሳይቀጠርለት ሠርቷል።

ወጣቱ፦ ቆርኬው ወደ ነጭ ሳር ሊመለስ ይችላል?

አዛውንቱ፦ ዘሩ አለ። ሰንቀሌ ውስጥ በ1991 በመንግሥት ለውጥ ግርግር ክፉኛ ተመናምኖ ነበር፤ ጥበቃ ሲያገኝ ግን አንሠራርቷል። እንደ ያኔው ተይዞ ሊመጣ ይችላል። ነገር ግን እንስሳው ከመምጣቱ በፊት ቁጥቋጦው ይነሣ፤ የትኛው ሳር በየትኛው ወር እንደሚጋጥና እንደሚያርፍ ከጉጂዎቹ ጋር ይወሰን፤ ያረፈውም ሳር ጥጃ እስኪደብቅ ይደግ። ይህ ሳይሆን የመጣ መንጋ የፊተኛው መንጋ ዕጣ ይደርሰዋል።