የወተት ጥርስ «ይወድቅ የለ?» ተብሎ አይተውም



በቡና ለቀማ ወራት አንዲት እናት የ5 ዓመት ልጃቸውን አዝለው ከወናጎ በኩል ወደ እኛ መጡ። ልጁ ሦስት ሌሊት አልተኛም። የኋላ ጥርሱ ጠቁሮ ተቦርቡሯል፤ ድዱም መግል ቋጥሯል። «እናቴ፣ ምነው ቀደም ብለው አላመጡት?» ብንላቸው፣ «የወተት ጥርስ አይደል? ይወድቅ የለ?» አሉን።

እውነት ነው፣ ይወድቃል። ግን መቼ? የወተት ጥርሶች 20 ናቸው። የፊቶቹ ከ6 ዓመት ገደማ ጀምሮ ይወድቃሉ፤ የኋላ መንጋጋዎቹ ግን እስከ 10 ወይም 12 ዓመት ያገለግላሉ። ያ ልጅ ገና ብዙ ዓመት ቆጮውን ሊያኝክበት ይገባው ነበር። ጥርስ ያለ ጊዜው ሲነቀል ደግሞ ጎረቤቱ ወደ ክፍተቱ ያዘነብላል፤ ተተኪውም ቦታ አጥቶ ተጣሞ ሊበቅል ይችላል።

ሕመሙ ከምን ይመጣል?

በጥርስ ውስጥ ደም ሥርና ነርቭ ያለበት ለስላሳ ሥጋ አለ። ጣፋጭ ነገር በጥርስ ላይ ሲቆይ ተሕዋስያን አሲድ ያወጣሉ፤ አሲዱም ጥርሱን እየበላ ከዚያ ሥጋ ይደርሳል። ሌሊት ልጁን የሚያስለቅሰው ይኸው ነው። ሕመሙ በድንገት ቢተወው «ዳነ» አትበሉ፤ ነርቩ ሞቶ ሊሆን ይችላልና።

ሐኪሙ ምን ያደርጋል?

1ኛ/ በመርፌ አደንዝዞ የተበላሸውን ያጸዳል።
2ኛ/ የታመመው የላይኛው ሥጋ ብቻ ከሆነ እሱን ያወጣል፤ በሥሩ ባለው ደኅና ሥጋ ላይ መድኃኒት አድርጎ ጥርሱን ይደፍነዋል። ጥርሱም ጊዜው እስኪደርስ ይቆያል።
3ኛ/ ሥሩም ከሞተ፣ የሚቻል ሲሆን ሥሩን አጽድቶ ይሞላል፤ ካልሆነ ይነቅለዋል።

የዚያ ልጅ ጥርስ ተነቀለ። ቀደም ብሎ ቢመጣ ኖሮ ሊተርፍ ይችል ነበር።

በቤት ውስጥ

ነጭ ሽንኩርት ወይም ትምባሆ በጥርሱ ጉድጓድ አትጨምሩ፤ ድድ ያቃጥላል። በጋለ ብረትም አትተኩሱ። የሕፃን ድድ ቀዶ «ግግ» ማውጣት ፈጽሞ አይገባም፤ የሚወጣው ትል ሳይሆን ያልበቀለ ጥርስ ነው። ስኳር የበዛበት ሻይና ከረሜላ ቀንሱ። ማታ ከመኝታ በፊት ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና እናንተው ራሳችሁ አጽዱላቸው፤ ከ3 ዓመት በላይ ለሆነው የአተር ፍሬ ያህል ይበቃል።

በጥርሱ ላይ ጉድጓድ እንዳያችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ የጥርስ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል ይልኳችኋል። ፊቱ ካበጠ፣ ካተኮሰው ወይም መዋጥ ካቃተው ግን ሌሊትም ቢሆን አትዘግዩ።

ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ!