ኩላሊታችን በቀን 9 ጀሪካን ያጣራል

በዛሬው የጤና ዓምዳችን ስለ ኩላሊትና ስለ ሽንት የተማርኩትን አካፍላችኋለሁ። ያስተማረችኝ ነርሲንግ የምትማረው ታላቅ እህቴ ናት። መማሪያችን ደግሞ ከአዘና ገበያ የተገዛው የፋሲካ በግ ነበር።

በጉ ታርዶ ሲበለት እህቴ አንዱን ኩላሊት ይዛ «ነይ እዪው፣ ሳይጠበስ ተማሪበት» አለችኝ። ቅርጹ ቦሎቄ ይመስላል። ለሁለት ስትሰነጥቀው ዳሩ ጠቆር፣ መሀሉ ነጣ ያለ ነው፤ ከመሀሉም ቀጭን ነጭ ቱቦ ይወጣል። የሰውም ኩላሊት ቅርጹ እንደዚሁ ነው። የአዋቂ ሰው ከ10 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። የሚገኙትም በጀርባችን በኩል፣ ከታችኞቹ የጎድን አጥንቶች አካባቢ፣ ግራና ቀኝ ነው።

ሥራቸው ምንድን ነው? እናቶቻችን ጠላ ሲያጠልሉ አይታችኋል። ኩላሊትም ደምን እንዲሁ ያጠልላል። በእያንዳንዱ ኩላሊት ውስጥ ኔፍሮን የሚባሉ 1 ሚሊዮን የሚያህሉ ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉ። የአዋቂ ሰው ኩላሊቶች በ24 ሰዓት 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደም ያጣራሉ። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 9 ማለት ነው!

«ታዲያ ለምን 9 ጀሪካን አንሸናም?» ብዬ ስጠይቃት ሳቀች። ኩላሊት የሚጠቅመውን ውሃ፣ ስኳርና ጨው መልሶ ለደም ይሰጣል። ሽንት ሆኖ የሚወጣው ከ1 እስከ 2 ሊትር ብቻ ነው። አብሮ ከሚወጣው ቆሻሻ አንዱ ዩሪያ ይባላል። አዎ፣ ማሳ ላይ የምንረጨው የዩሪያ ማዳበሪያም ያው ንጥረ ነገር ነው፤ ልዩነቱ ያኛው ፋብሪካ መሠራቱ ነው።

ሽንቱ በ2 ቀጫጭን ቱቦዎች ወደ ሽንት ፊኛ ይወርዳል። ፊኛው ከ400 እስከ 500 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ያህል ይይዛል። ከዚያ በመውጫው ቱቦ ይወጣል። ይህ ቱቦ በሴቶች 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ ጀርም ቶሎ ወደ ፊኛ ይገባብናል።

አሁን የራሴን ልንገራችሁ። አምና ወደ መጸዳጃ ቤት ስሄድ ልጆች ስለሚስቁብኝ አፍር ነበር። ስለዚህ ጠዋት ውሃ አልጠጣም፤ ሽንቴንም ቤት እስክደርስ እይዛለሁ። አንድ ቀን ሽንቴ አቃጠለኝ፤ ቶሎ ቶሎ ይመጣል፣ ግን ጠብ ጠብ ብቻ ይላል። 3 ቀን ዝም አልኩ። ትኩሳት ሲጀምረኝ ለእናቴ ነገርኳትና ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ። ሽንቴ ተመርምሮ ኢንፌክሽን ተገኘ። የታዘዘልኝን መድኃኒት ጨርሼ ዳንኩ። እህቴ ግን «ማመምሽ አይደለም፣ ዝም ማለትሽ ነው ያናደደኝ። ጀርሙ ወደ ኩላሊት ቢወጣስ?» ብላ ተቆጣችኝ።

ሰው በአንድ ኩላሊት መኖር ይችላል። ሁለቱም ሥራ ካቆሙ ግን ደሙ በማሽን ይታጠባል፣ ወይም ኩላሊት ይተከልለታል። በአገራችን የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. አዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ነው። ኩላሊትን በብዛት የሚጎዱት የስኳር በሽታና የደም ግፊት ናቸው።

እንግዲህ እኛስ ምን እናድርግ?
1. ብርድ ቢሆንም ንጹሕ ውሃ እንጠጣ። ሽንታችን በጣም ቢጫ ከሆነ ውሃ አንሶናል ማለት ነው።
2. ሽንት አንያዝ። ሴቶች ስንጠርግ ከፊት ወደ ኋላ ይሁን።
3. ካቃጠለን ወይም ደም ካየን በዚያው ቀን ለቤተሰብ እንናገር።

ወንዶች፣ ሴቶች ወደ መጸዳጃ ቤት ሲሄዱ አትሳቁባቸው። መምህሮቻችንም በክፍል እጅ አውጥተን ስናስፈቅድ ብትፈቅዱልን ኩላሊታችን ያመሰግናችኋል።

ጥያቄ፦ ደማችን 5 ሊትር ያህል ከሆነ 180 ሊትር ከየት ይመጣል? መልሱን በሚቀጥለው እትም ይዤ እመጣለሁ። ቸር ሰንብቱ!