ውሃ የያዘ ሜዳ ይዘጋ፦ ለቦሌና ለምሥራቅ አዲስ አበባ የሳር አልሚዎች የክረምት ምክር

በቦሌ፣ በገርጂ፣ በሰሚት፣ በሲኤምሲና በአያት ያሉ የሳር ሜዳዎች ክረምት በገባ ቁጥር በአንድ ዓይነት መንገድ ይበላሻሉ። መጀመሪያ ጎል ሥር ያለው ሳር ቢጫ ይሆናል፤ ቀጥሎ መሃል ሜዳው ይቦካል፤ ነሐሴ ላይ ቅጠሉ በጭቃ ይቀበርና ሥሩ ይበሰብሳል። ዝናቡ ሲያባራ ቦታው ደርቆ ይሰነጠቃል፣ ሳርም አያበቅልም። ለዚህ ጥፋት ዝናቡ ብቻውን አይከሰስም። ሳሩን የሚገድለው አፈሩ ውሃ ጠጥቶ ሳለ ጨዋታው፣ ከብቱና መኪናው አለመቆሙ ነው። ማጨዱን፣ ማረሙንና ማዳበሪያ መስጠቱን አልሚው ሁሉ ያውቀዋል። በየዓመቱ የሚዘለለው ሥራ ሜዳውን በወቅቱ መዝጋት ነው፤ ገንዘብ የማይጠይቀውም እሱ ብቻ ነው።

የአካባቢው አፈር በአብዛኛው ጥቁር አፈር ነው። ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲርስ ያብጣል። የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች በስንጥቁ ይገባሉ፤ ስንጥቁ ከተዘጋ በኋላ ግን ውሃው ወደ ታች የሚሰርገው እጅግ በዝግታ ነው። አዲስ አበባ በዓመት ከምታገኘው 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ወደ ግማሽ የሚጠጋው በሐምሌና በነሐሴ ስለሚወርድ፣ ሜዳው በእነዚህ ሁለት ወራት ፋታ አያገኝም። በረጠበ ጥቁር አፈር ላይ ታኬታ ሲያርፍ በአፈሩ ውስጥ ያሉት የአየር ቀዳዳዎች ይደፈናሉ፤ ሥሩ ይታፈናል። አንድ ከሰዓት በኋላ በጭቃ የተደረገ ግጥሚያ የሚያደርሰውን ጉዳት ለማስተካከል የአንድ በጋ ሥራ ሊያስፈልግ ይችላል።

መዝጋት የሚገባበትን ቀን ለማወቅ ምንም መሣሪያ አያስፈልግም። ጠዋት ሜዳው ላይ ቆሞ በተረከዝ ጠንከር አድርጎ መርገጥ ነው። በተረከዙ ዙሪያ ውሃ ካቆረ ወይም ጭቃው ከተላቆጠ ሜዳው በዚያን ቀን ይዘጋል። ላዩ ደርቆ የሚያታልልበት ጊዜም አለ። ስለዚህ ከ10 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት አፈር አውጥቶ በመዳፍ መሃል ማሸት ይገባል፤ ሳይሰበር እንደ ገመድ ከተጠቀለለ አፈሩ ገና እርጥብ ስለሆነ ሜዳው አይከፈትም። ጸሐይ ስለወጣች፣ ልጆች ስለተሰበሰቡ ወይም የሠፈር ውድድር ቀን ስለተቆረጠ ብቻ ሜዳ አይከፈትም። ይህ በተደጋጋሚ ተነግሯል፤ በተደጋጋሚም ታልፏል። የውድድር መርሐ ግብር የሚያወጡ ኮሚቴዎች ሐምሌና ነሐሴን ባዶ ቢተዉ፣ ወይም በእነዚህ ወራት ግጥሚያውን ወደ ሲሚንቶ ሜዳ ቢያዞሩ፣ ግማሹ ችግር ከመነሻው ይቀር ነበር።

ሜዳ የመዝጋቱንና የማሳረፉን ሥራ ከማንም በላይ ያጠበቁት የጎልፍ ሜዳ ጠባቂዎች ናቸው። የተጫዋች ብዛትና ዝናብ ሲገጣጠሙ ጋሪ እንዳይገባ ይከለክላሉ፣ የኳሷን ጉድጓድ ቦታ በየጊዜው ይቀይራሉ፣ የመምቻውንም ቦታ እያፈራረቁ ሳሩን ያሳርፋሉ፤ ሲብስም ሜዳውን ይዘጋሉ። በዓለም ላይ በስፋት በሚሠራበት የአሜሪካ ጎልፍ ማኅበር ዝርዝር መሠረት ደግሞ ጉድጓዱ ያለበት ሜዳ 30 ሳንቲ ሜትር አሸዋማ አፈር በ10 ሳንቲ ሜትር ጠጠር ላይ ተነጥፎ፣ ከሥሩ የማጠንፈፊያ ቧንቧ ተዘርግቶለት ይሠራል። ይህ ወጪ ለሠፈር ሜዳ አይታሰብም። ጎሉን ጥቂት ሜትሮች ማዛወር፣ ልምምዱን ከጎል ሥር አውጥቶ በሜዳው ዳር ማድረግ፣ መግቢያውን በሁለት በኩል መክፈት ግን ማንም የሚችለው ነው። እግር የሚበዛበት ቦታ ካልተቀያየረ የትኛውም ሳር አይችለውም።

በጥቁር አፈር ላይ ውሃን በላይ በኩል ማስወጣት እንጂ ወደ ታች እስኪሰርግ መጠበቅ አያዋጣም። ይህ ለአገሩ አዲስ ነገር አይደለም። ጉርድ ሾላ የሚገኘው የእንስሳት ምርምር ተቋም፣ የቀድሞው ኢልካ፣ የዛሬው ኢልሪ፣ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ከአገር ውስጥ ተቋማት ጋር ባደረገው የጥቁር አፈር ሥራ ሁለት ማረሻ ተጣምሮ ሰፊ መደብና ቦይ የሚያወጣውን፣ ቢቢኤም የሚባለውን የበሬ መሣሪያ ለስንዴ አርሶ አደሩ አቅርቧል። ለሳር ሜዳም መርሁ ያው ነው፤ መሃሉ ከፍ፣ ዳሩ ዝቅ ይላል። 68 ሜትር ስፋት ላለው የእግር ኳስ ሜዳ መሃሉ ከዳሩ 34 ሳንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ቢል 1 በመቶ ተዳፋት ያገኛል፤ ተጫዋቹ ሳይታወቀው ውሃው ይወርዳል። ዙሪያውን የተቆፈረው ቦይ ከግንቦት በፊት ከደለልና ከፕላስቲክ መጽዳት አለበት። የተደፈነ ቦይ ያለው ሜዳ ቦይ የለውም።

ጭቃው ላይ አንድ ሁለት መኪና አሸዋ መበተን ብዙ ቦታ የሚታይ ስህተት ነው። ጥቂት አሸዋ ከጥቁር አፈር ጋር ሲደባለቅ አፈሩን አያላላውም፤ ሲደርቅ ይበልጥ ያጠነክረዋል። አሸዋ የሚጠቅመው በተቆፈረ ጠባብ ቦይ ውስጥ ለብቻው ተሞልቶ ውሃውን ወደ ዋናው ማጠንፈፊያ ሲያደርስ ነው። ገረጋንቲ መድፋትም ሳሩን ቀብሮ ተጫዋቹን ያቆስላል። እርጥብ ሜዳን በሮለር መደልደልም እንዲሁ ፈጽሞ አይደረግ።

አጨዳን በተመለከተ፣ የአካባቢው ሳር በአብዛኛው ኪኩዩ ወይም ሰርዶ ነው፤ ሁለቱም ተሳቢ በመሆናቸው ዕድል ካገኙ ራሳቸውን ይጠግናሉ። በክረምት ኪኩዩ ከ4 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ቁመት ይተውለት፤ በአንድ አጨዳ ከቁመቱ ሲሶ በላይ አይቆረጥ። ዩሪያ በከባድ ዝናብ ወቅት ቢበተን አብዛኛው በጎርፍ ይሄዳል፣ ገንዘቡም አብሮ ይሄዳል።

ሳር እየቆረጡ ለሚሸጡ አልሚዎች አደጋው የባሰ ነው። ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ መገናኛ የተዘረጋውን የኮሪደር ልማት ጨምሮ የከተማው ፈላጊ በዝቷል፤ ነገር ግን በእርጥብ ማሳ ውስጥ ኢሱዙ አስገብቶ መጫን ለሚቀጥለው ዓመት የሚበቅለውን ማሳ ማጥፋት ነው። መኪናው በመንገድ ዳር ቆሞ ጭነቱ በሰው ጉልበት ይውጣ። በእርጥብ ማሳ ላይ ከብት ማሰማራትም ይቁም፤ የኮቴ ጉድጓድ ውሃ ያቁራል።

ጥገናው የሚጀመረው ዝናቡ ሲያባራ፣ አፈሩ እርጥበት እንደያዘ ግን በእጅ ሲታሸ መሰባበር ሲጀምር፣ በመስከረም አጋማሽ ገደማ ነው። የጠነከረው ቦታ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት በሹካ ይበሳል፣ በደንብ የበሰበሰ ብስባሽ ይነሰነስበታል፣ ከሜዳው ዳር የተነቀለ ተሳቢ ሐረግ በመስመር ይተከልበታል። ዩሪያ የሚሰጠው አዲሱ ሐረግ ሥር ከያዘ በኋላ ነው። የተተከለው ቦታ በገመድ ታጥሮ፣ ሐረጉ በእጅ ሲሳብ አልነቀል እስኪል ድረስ ማንም አይረግጠውም።