ግሪን ካርድና ዜግነት፦ ነጋዴው ሊለየው የሚገባ

ወደ አሜሪካ የሚመላለሱ ባለሀብቶች የመኖሪያ ፈቃድንና ዜግነትን ብዙ ጊዜ ያደባልቃሉ። ልዩነቱ ግን በኪስ የሚመጣ ነው።

ግሪን ካርድ የያዘ ኢትዮጵያዊ ውጭ ቢኖርም ኢትዮጵያዊነቱ አይነካም። አዲስ አበባ ያለው ቤትም ሆነ አክሲዮን የዜጋ ንብረት ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ (አሜሪካዊ ዜጋ ያገባ ከሆነ ከሦስት ዓመት በኋላ) አመልክቶ ቃለ መሐላ የፈጸመ ዕለት ነገሩ ይለወጣል። አሜሪካ ጥምር ዜግነትን ባትከለክልም ኢትዮጵያ አትቀበለውም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378 በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደን ሰው ኢትዮጵያዊነቱን እንደተወ ይቆጥረዋል። አሮጌው ፓስፖርት መሳቢያ ውስጥ መቀመጡ ዜጋ አያደርገውም።

የዚህ ዋጋ በባንክ ገበያ ታይቷል። የ2000 ዓ.ም. የባንክ ሥራ አዋጅ የውጭ ዜጎችን ከባለአክሲዮንነት በመከልከሉ፣ ትውልደ ኢትዮጵያውያን በ2009 ዓ.ም. ገደማ ድርሻቸውን እንዲለቁ ተደርጓል። የተመለሰላቸውም አክሲዮኑ ላይ የተጻፈው ዋጋ እንጂ የገበያው ዋጋ አልነበረም። በሩ የተከፈተላቸው በ2011 ዓ.ም. ነው።

በ1994 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 270 የተፈቀደው ቢጫ ካርድ ያለ ቪዛ መግባትን፣ ያለ ሥራ ፈቃድ መሥራትንና የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት መሆንን ይፈቅዳል። መምረጥና መመረጥን ግን አይሰጥም።

ስለዚህ ንብረትን ማጣራት ከመሐላው በፊት ነው። ደላላውም «የት ይኖራሉ?» ሳይሆን «ፓስፖርትዎ የየት አገር ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ከኋላ ጣጣ ይድናል።