ቃላትን በመቁጠር ቋንቋን መመርመር

ሀ. መግቢያ

አንድ ጸሐፊ ድርሰት ሲያዘጋጅ ስለ ሐሳቡ ይጨነቃል እንጂ «ወደ» ወይም «ነው» የሚለውን ቃል ስንት ጊዜ እንደ ጻፈ አይቆጥርም። ይሁን እንጂ ጽሑፉ ካለቀ በኋላ ቃላቱ ቢቆጠሩ፣ ማንም አስቦ ያላወጣው ሥርዓት ይታይባቸዋል። ይህ ሁኔታ ገበያን ይመስላል። በገበያ እያንዳንዱ ሰው ያለውን ይሸጣል፤ የሚሻውንም ይገዛል፤ የዕለቱን ዋጋ ግን ብቻውን የሚወስን የለም። ዋጋው ከብዙዎች ግንኙነት ይወለዳል። እንዲህ ያለው ነገር «ውስብስብ ሥርዓት» ይባላል። ቋንቋም ከዚህ ዓይነት ሥርዓቶች አንዱ ነው።

ለ. የድግግሞሽ ሕግ

በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው አሜሪካዊው ጆርጅ ዚፍ ይህን ሥርዓት በስፋት መርምሯል። በአንድ ረጅም ጽሑፍ የሚገኙ ቃላት እንደ ድግግሞሻቸው ብዛት በተራ ቢደረደሩ፣ ሁለተኛው ቃል የአንደኛውን ግማሽ፣ ሦስተኛው ደግሞ ሲሶውን ያህል ይደጋገማል። አንደኛው 1000 ጊዜ ቢገኝ፣ ሁለተኛው 500፣ ሦስተኛው 333 ጊዜ ገደማ ይገኛል ማለት ነው። ዚፍ በ1949 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ምክንያቱን ሲያስረዳ፣ ተናጋሪ በጥቂት ቃላት መገላገል፣ ሰሚ ግን ለየነገሩ የተለየ ቃል ማግኘት ይሻል ብሏል። ይሁን እንጂ ጆርጅ ሚለር በ1957 እ.ኤ.አ. እንዳመለከተው፣ ፊደልና ክፍት ቦታ ያለ ሐሳብ በዘፈቀደ ቢደረደሩም ተመሳሳይ ውጤት ይገኛል። ስለዚህ ቁጥር ብቻውን ለትርጉም ምስክር አይሆንም።

ሐ. ምሳሌ

የሚከተለውን አጭር ምንባብ በጥሞና አንብቡ።

«ወደ ባቲ ገበያ የሚሄድ መንገደኛ ከኮምቦልቻ ተነሥቶ በደጋን ያልፋል። ሰኞ የባቲ ገበያ ነው። ከደጋን የሚነሣ ገበያተኛም ወደ ባቲ ይጓዛል። ሲመሽ ገበያተኛው ከባቲ ወደ ደጋን ይመለሳል።»

ምንባቡ 25 ቃላት አሉት። «ወደ» 3 ጊዜ፣ «ባቲ» እና «ገበያ» እያንዳንዳቸው 2 ጊዜ ተጽፈዋል፤ የቀሩት 18 ቃላት አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ይገኛሉ። በዚህ አቆጣጠር አንደኛው «ወደ» ነው።

አሁን ደግሞ በስም መነሻ ላይ የተጣበቁትን «በ»፣ «ከ» እና «የ» ነጥለን እንቁጠር። «የባቲ» እና «ከባቲ» ከ«ባቲ» ጋር ሲደመሩ «ባቲ» 4 ጊዜ ይሆናል፤ አንደኛነቱንም ከ«ወደ» ይወስዳል። በመጀመሪያው ቆጠራ በሦስት መልክ ተበታትኖ የነበረው «ደጋን» 3 ጊዜ፣ «ከ»ም 3 ጊዜ ይገኛሉ። ምንባቡ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ቃል ለምንለው ነገር የሰጠነው ብያኔ ነው።

መ. ማስገንዘቢያ

ከዚህ የምንረዳው ቆጠራ ከሰዋስው በኋላ እንጂ በፊት እንደማይመጣ ነው። በአማርኛ አንድ ግሥ ብዙ መልክ አለው፤ «ተነሥቶ» እና «የሚነሣ» የአንድ ግሥ ልጆች ናቸው። የፊደላችን ሞክሼ ሆሄያትም ጥንቃቄ ይሻሉ፤ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ብለን ብንጽፍ፣ ቆጣሪው አንዱን ቃል ሁለት ያደርገዋል። በዚህ ምክንያት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጥናት ማዕከል ባለሙያዎች ከዋልታ ኢንፎርሜሽን ማዕከል ዜናዎች የተሰበሰቡ ከ200 ሺህ የሚበልጡ ቃላትን የቃል ክፍል በእጅ ለይተዋል። ኮምፒዩተር አማርኛን በትክክል እንዲያነብ የሚያስችለው እንዲህ ያለው የሰዋስው ሥራ ነው። ሰዋስው ያልመራው ቆጠራ ግን ስሕተትን በቁጥር አስጊጦ ያቀርባል።

ሠ. መልመጃ

1. ከምንባቡ «ገበያ»፣ «ገበያተኛም» እና «ገበያተኛው» እንደ አንድ ቃል ይቆጠሩ ወይስ እንደ ተለያዩ ቃላት? ምክንያታችሁን በአንድ አንቀጽ አስረዱ።

2. ባለፈው ሳምንት ከጻፋችሁት ድርሰት የመጀመሪያዎቹን 100 ቃላት ቁጠሩ፤ በብዛት የተደጋገሙትን አምስት ቃላትም በተራ ጻፉ።

3. ከአምስቱ ዓረፍተ ነገሩን አያይዘው የሚይዙት የትኞቹ ናቸው? በስንፍና የተደጋገሙትስ? ሁለተኞቹን በሌላ ቃል ተክታችሁ ድርሰቱን እንደገና ጻፉ።