ሁላችንም የማንሰማው ስህተት፦ ጃፓንኛን በቡድን ስለመለማመድ

በዘጠኝ ሰዓት እንገናኝ

አዲስ አበባ ውስጥ ጃፓንኛ የሚማሩ አራት ጓደኛሞች ለልምምድ ይቀጣጠራሉ እንበል። አንዷ «ኩጂ ኒ አይማሾ-ኦ» ትላለች፤ በዘጠኝ ሰዓት እንገናኝ ማለቷ ነው። አራቱም ከሰዓት በኋላ በዘጠኝ ይገናኛሉ። ማንም አላረፈደም፣ ማንም ስህተት አልሰማም። አንድ ጃፓናዊ ቢጨመርበት ግን ጠዋት በሦስት ሰዓት መጥቶ ስድስት ሰዓት ሙሉ ሲጠብቃቸው ይውል ነበር፤ ለእሱ «ኩጂ» ማለት የእኛ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው። የእኛን የከሰዓት ዘጠኝ እሱ «ሳንጂ» ይለዋል።

ጃፓናዊ በሌለበት ተማሪዎች ብቻቸውን ተሰብስበው ቢያወሩ ይጠቅማል ወይ ለሚለኝ ሁሉ መልሴ አዎ ነው፣ በጣም ይጠቅማል። ብዙዎች የሚፈሩት አንዱ የሌላውን አነጋገር እንዳያበላሽ ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። አፍ መፍቻቸው አንድ የሆነ ሰዎች የሚያመልጣቸውም አንድ ዓይነት ነገር ስለሆነ፣ ስህተቱ በስምምነት ያልፋል። ስለዚህ ቡድኑ ጆሮው የት የት ላይ እንደሚከዳው አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

ፈተናው አፍ አያስከፍትም

እ.ኤ.አ. በ1984 የተጀመረውና ከ2010 ወዲህ ከኤን 5 እስከ ኤን 1 ባሉ አምስት ደረጃዎች የሚሰጠው የጃፓንኛ ችሎታ ፈተና የንግግር ክፍል የለውም። ያነበበና ያዳመጠ ሰው ምርጫውን አጥቁሮ ይወጣል። ኤን 3 አልፎ ሻይ ቤት ውስጥ ማዘዝ የሚያስጨንቀው ተማሪ ብርቅ ያልሆነው ለዚህ ነው።

ክፍል ውስጥም ቢሆን ሒሳቡ አይበቃም። ሃያ ተማሪ ባለበት የአንድ ሰዓት ትምህርት መምህሩ ጭራሽ ዝም ቢል እንኳ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ሦስት ደቂቃ ነው። ሁለት ሁለት ሆነው ሲያወሩ ሠላሳ ደቂቃ ይሆናል። የሁለተኛ ቋንቋ ትምህርት ተመራማሪዎቹ ማይክል ሎንግና ፓትሪሺያ ፖርተር እ.ኤ.አ. በ1985 የቡድን ሥራን በተመለከተ የተደረጉ ጥናቶችን ሰብስበው ሲመረምሩ፣ ተማሪ ከተማሪ ጋር ሲያወራ ብዙ እንደሚናገር፣ የሰዋስው ትክክለኛነቱም ከአፍ መፍቻ ተናጋሪ ጋር ሲያወራ ካለው እንደማያንስ አሳይተዋል። ሌላዋ ተመራማሪ ሜሪል ስዌይን ደግሞ በዚያው ዓመት፣ በካናዳ ትምህርታቸውን በፈረንሳይኛ የሚከታተሉ ልጆችን አይታ፣ እየሰሙ መረዳት ብቻውን ተናጋሪ እንደማያደርግ ጽፋለች።

አማርኛችን የሰጠን

ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ የጃፓንኛ ዓረፍተ ነገር የተገለበጠ ነው። ለእኛ አይደለም። «ኪኖ-ኦ ካታ ሆን» ማለት «ትናንት የገዛሁት መጽሐፍ» ነው፤ ቃላቱ በየቦታቸው ናቸው። ግሡ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል፣ የሰው ንግግር ሲጠቀስ «ብሎ» እንደምንለው የሚያገለግል «ቶ» ከኋላ ይመጣል። «ታቤቴ ሚማሱ» ሲባልም «በልቼ አያለሁ» ከማለት የሚለይበት ነገር የለም፤ እነሱም እንደ እኛ ቀምሰው ያያሉ።

ይህን ሀብት የምናባክነው ጃፓንኛን በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ስለምንማር ነው። ሐሳቡ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ፣ ከዚያ ወደ ጃፓንኛ ሲዞር ተማሪው በየዓረፍተ ነገሩ «ዋታሺ ዋ» እያለ ይጀምራል። በአማርኛ «እኔ እኔ» የሚያበዛን ሰው ምን እንደምንለው እናውቃለን፤ በጃፓንኛም ደስ አይልም። እኔ ብሆን በቡድኑ ውስጥ እንግሊዝኛ እከለክል ነበር። ቃል ሲጠፋ በአማርኛ ይጠየቅ።

ማጥበቅና ማላላትም አድገንበታል። «ኪቴ» ሲላላ «ና» የሚል ጥሪ ነው፤ ሲጠብቅ የፖስታ ቴምብር። «ገና»ን በሁለት መንገድ ማንበብ ለሚችል ሰው ይህ ጨዋታ ነው። ብቻ ማስታወሻችሁን በፊደል አትጻፉ፤ የእኛ ፊደል ማጥበቁን አያሳይም፣ የእነሱ ሂራጋና ግን ያሳያል።

ጆሯችን የሚያመልጠው

ትልቁ ጉድለት የአናባቢ ርዝመት ነው። በአማርኛ አናባቢን መጎተት ስሜት ይገልጻል እንጂ ቃል አይለውጥም። በጃፓንኛ ይለውጣል። «ኦባሳን» አክስት ናት፣ «ኦባ-አሳን» ሴት አያት። «ቢሩ» ፎቅ ነው፣ «ቢ-ኢሩ» ቢራ። አራት አማርኛ ተናጋሪዎች እነዚህን ሲያምታቱ ቢውሉ በዐውዱ ስለሚግባቡ አንዳቸውም ልብ አይሉም።

መድኃኒቱ ምት መቁጠር ነው። ጃፓንኛ እኩል በሆኑ አጫጭር ምቶች ይነገራል፤ የረዘመው አናባቢ፣ የጠበቀው ተነባቢና በክፍለ ቃል መጨረሻ ላይ የምትመጣው «ን» እያንዳንዳቸው አንድ ሙሉ ምት ይወስዳሉ። ቶኪዮ ሁለት ወይም ሦስት አይደለም፣ አራት ነው፦ ቶ-ኦ-ክዮ-ኦ። ኒሆን ሦስት፣ ሲጠብቅ ኒፖን አራት። ተናጋሪው ከ«ኦባሳን» እና ከ«ኦባ-አሳን» አንዱን መርጦ ይበል፤ ሰሚዎቹ ሳይነጋገሩ ጣታቸውን ያንሡ፤ ለአክስት አራት፣ ለአያት አምስት። ጣቶቹ ከተለያዩ ችግሩ የተናጋሪውም የሰሚውም ሊሆን ስለሚችል፣ የመማሪያ መጽሐፉን የድምፅ ቅጂ ከፍታችሁ ለዩት። በየስብሰባው መጀመሪያ አሥር ደቂቃ ለዚህ መስጠት ብዙ የሰዋስው ልምምድ ከመሥራት ይሻላል ባይ ነኝ።

«ን» ከአናባቢ በፊት ስትመጣም እናጠፋታለን። «ኪኔን» መታሰቢያ ነው፣ «ኪን-ኤን» ማጨስ ክልክል። ሌላው የ«ጸ» ነገር ነው። እኛ ሱናሚ የምንለውን ቃል እነሱ «ትሱናሚ» ይሉታል፤ የመጀመሪያውን ድምፅ በ«ጹ» ስንተካው የማያውቁት ፍንዳታ እንጨምርበታለን። «ት»ን እና «ስ»ን አለስልሶ ማገናኘት በቂ ነው።

የድምፅ ከፍታን በተመለከተ ግን ቡድኑን አታድክሙ። «ሃሺ» በቶኪዮ አነጋገር መጀመሪያው ከፍ ሲል የመመገቢያ እንጨት፣ ዝቅ ብሎ ሲጀምር ድልድይ ይሆናል፤ ኦሳካ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። በዚህ ላይ ተማሪዎች ተከራክረው የሚደርሱበት ቦታ የለም። የጃፓኑ ብሮድካስት ድርጅት የኤን ኤች ኬ የአክሰንት መዝገበ ቃላት ለዚህ የተዘጋጀ ነው።

አንድ ወሬ ለሦስት ሰው

ሰው በሁለተኛ ቋንቋ ሲናገር የሚንተባተበው ሐሳብ እየፈለገ ቃልም ስለሚፈልግ ነው። ፖል ኔሽን የተባለው የቋንቋ ትምህርት ተመራማሪ ያስተዋወቀው አንድ ዘዴ ይህን ያቀላል። አንድ ተማሪ ስለ ሰፈሩ ለአንድ ጓደኛው ለአራት ደቂቃ ያወራል። ከዚያ ያንኑ ወሬ ለሌላ ሰው በሦስት ደቂቃ፣ ለሦስተኛው በሁለት ደቂቃ ይደግመዋል። ሐሳቡ አዲስ ስላልሆነ ምላሱ ይፈታል፤ ሰሚው በየጊዜው አዲስ ስለሆነ ደግሞ መድገሙ ትርጉም አለው። ለዚህ ቢያንስ አራት ሰው ያስፈልጋል፤ ብቻውን ከስልኩ ጋር የሚያጠና ሰው የማያገኘው ነገር ነው። ጽሑፍ ይዞ ማንበብ ግን አይፈቀድ።

ሰሚም ሥራ አለው

ጃፓናዊ ሰሚ ዝም ብሎ አያዳምጥም። «ሃይ»፣ «ኤ-ኤ»፣ «ሶ-ኦ ዴስካ» እያለ በየሐረጉ ያጅባል፤ ይህን አይዙቺ ይሉታል። በስልክ ይህ ከጠፋ ተናጋሪው መስመሩ የተቋረጠ ይመስለውና «ሞሺሞሺ?» ይላል። «ሃይ» እዚህ ላይ እየሰማሁ ነው ማለት እንጂ ተስማማሁ ማለት አይደለም። በዚህ ሳቢያ ውል ተፈጸመ ብለው የተመለሱ የውጭ ነጋዴዎች ጥቂት አይደሉም።

እኛም ማጀብ እናውቅበታለን፤ አየር ወደ ውስጥ ስበን «አዎ» እንላለን። ልማዱ ሳናስበው ጃፓንኛችን ውስጥ ይገባል። ጃፓናዊው ግን በጥርሱ መካከል አየር ሲስብ ብዙ ጊዜ ይህ ነገር ያስቸግራል፣ እንጃ ማለቱ ነው። የእኛን አዎንታ እሱ ማመንታት አድርጎ ሊወስደው ይችላል። ልምምዱ ቀላል ነው፦ አንዱ ሲያወራ ሌላው ዓረፍተ ነገር እንዳይናገር፣ ማጀብ ብቻ እንዲሠራ አድርጉ። እስትንፋስ የሳበ ይመዝገብበት።

ትህትናችን ሲያሳስተን

«አናታ»ን የእርስዎ ምትክ አድርጋችሁ ለትልቅ ሰው አትበሉ፤ ስሙን ከ«ሳን» ጋር ጥሩ፣ መምህር ከሆነ «ሴንሴይ» በሉ። ከዚህ የሚከብደው ሌላ ነው። እኛ ለማንም ስንናገር «አባቴ መጥተዋል» እንላለን። ጃፓንኛ ግን በውጭ ሰው ፊት የራስን ወገን ዝቅ ያደርጋል። የሌላ ሰው አባት «ኦቶ-ኦሳን» ሲሆን የራስ አባት «ቺቺ» ነው። ከውጭ ለደወለ ደንበኛ ሥራ አስኪያጃችሁ ታናካ እንደሌሉ ስትናገሩ «ታናካ ዋ ጋይሹትሱ ሺቴ ኦሪማሱ» ትላላችሁ፤ «ሳን» የለም፣ ግሡም የትህትና ነው። ጨዋ ሆኖ ያደገ ተማሪ እዚህ ላይ አፉ አልታዘዝ ይለዋል፤ ጓደኞቹም በዚያው ጨዋነት ስላደጉ አያርሙትም። አንዱ ደንበኛ፣ አንዱ ስልክ ተቀባይ ሆኖ፣ ደዋዩ አንዴ ከውጭ አንዴ ከዚያው መሥሪያ ቤት እየሆነ ይለማመዱት።

ማን ያርም?

ተናጋሪውን ማቋረጥ አይቻልም። በየተራ አንድ ሰው ታዛቢ ሆኖ ሁለት ነገር ብቻ ይጻፍ፣ ርዝመትና አክብሮት፤ ሌላውን ይለፈው። የሚያጠራጥር ነገር ሲመጣ ክርክር ሳይከፈት በጥያቄ መዝገብ ላይ ይስፈር።

ጃፓንኛ አፍ መፍቻው የሆነ እንግዳ ስታገኙ እንዴት ነን ብላችሁ አትጠይቁት። «ጆ-ኦዙ»፣ ጎበዝ ናችሁ ብሎ ያመሰግናችኋል፣ ጨዋነት ስለሆነ። ይልቅ መዝገቡን አውጡና ጥያቄዎቹን ጠይቁት። ከዚያ የየራሳችሁን «ኦባሳን» እና «ኦባ-አሳን» የቀዳችሁበትን ስልክ ክፈቱለት፣ የትኛው የትኛው እንደሆነም አትንገሩት፤ እሱም እንደ እናንተ ጣቱን ያንሣ።